ልቡ የታመመ ሰው ተኝቶ ይድናልን?

(በሬዲዮ ዝግጅታችን የቀረበና በአድማጮች ጥያቄ ለኅትመት የተዘጋጀ ንግግር)



የዛሬው ርዕሳችን የልብ ሕመም ነው። የምንነጋገረው ግን ሕመሙ እንዴት እንደሚመጣ ሳይሆን፣ ታማሚው ከሐኪም ቤት ወጥቶ ቤቱ ከገባ በኋላ ስለሚሆነው ነው። ብዙ ቤተሰብ የሚቸገረው እዚህ ላይ ነውና።

ለዚህ መነሻ የሆነን ከምሥራቅ ጎጃም፣ ከአነደድ ወረዳ፣ ከአምበር የደረሰን ደብዳቤ ነው። አምበር ከአዲስ አበባ ወደ ደብረ ማርቆስ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ሉማሜን አልፈን የምናገኛት ከተማ ናት። ደብዳቤውን የጻፉልን እህት ባለቤታቸው እህል ነጋዴ ናቸው። ስማቸው እንዲነሳ ስላልፈለጉ ጉዳዩን ብቻ እናንብብ፦

«ባለቤቴ ከታመመ ሁለት ወር ሆነው። የልቡ ደም ሥር ተዘግቶ ስቴንት የሚባል ነገር ገብቶለት ነው የወጣው። ቀድሞ ኩንታል በትከሻው የሚያወርድ ሰው ዛሬ የውሃ ጣሳ እንኳ እንዲያነሳ አንፈቅድለትም። እናቱ ‹ተውት ይተኛ፣ ልቡን አታድክሙት› ይላሉ። አቅሙ እንዲመለስም ጠዋት ጠዋት አጥሚት ላይ ቅቤ አንጥረው ያጠጡታል። ዘመድ ሲጠይቀውም ዶሮና ሙክት ይዞ ነው የሚመጣው። እሱ ግን ከቀን ወደ ቀን እየደከመ ነው። መስጊድ ደርሶ ሲመለስ እግሩ ይንቀጠቀጣል። ሱቁን ዘግተናል። ሰው ያየው ሳይመስለው ሌሊት ሲያለቅስ ሰምቼዋለሁ። ይነሳ ወይስ ይተኛ? ምንስ ላብላው?»

እህታችን፣ አላህ ለባለቤትዎ ሙሉ ጤና ይስጥልን። መልሳችን ባጭሩ ይህ ነው፦ ይነሱ፣ ግን በልክ ይነሱ። ይብሉ፣ ግን ከቅቤው ማሰሮ ሳይሆን ከማሳው ይብሉ። መድኃኒታቸውን ግን አንድም ቀን አያቋርጡ። የቀረው ንግግራችን የዚህ ማብራሪያ ነው።

መኝታ ለምን አያድንም?

እናታቸው ያሉት ከፍቅር የመጣ ነው፤ ልንነቅፋቸው አይገባም። ደግሞም እንዲህ ያሰቡት እርሳቸው ብቻ አይደሉም። ታላላቅ ሐኪሞችም ለረጅም ጊዜ እንዲሁ ያስቡ ነበር። ጄምስ ሄሪክ የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1912 ለልብ ደም የሚያደርስ ደም ሥር ድንገት ሲዘጋ የሚታየውን ሕመም ገልጾ ከጻፈ በኋላ፣ የተሰጠው ምክር ፍጹም ዕረፍት ነበር። ለአሥርት ዓመታት እንዲህ ዓይነት ታማሚ ለሳምንታት ከአልጋው እንዳይነሳ ይደረግ ነበር፤ የሚያጎርሰውም የሚያገላብጠውም ሌላ ሰው ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1952 ሳሙኤል ሌቪንና በርናርድ ላውን የተባሉ ሁለት ሐኪሞች ታማሚዎቻቸውን ቀደም ብለው ከአልጋ አንስተው ወንበር ላይ ማስቀመጥ ጀመሩ። ብዙዎች ደነገጡ። የተፈራው ግን አልደረሰም፤ ታማሚዎቹም በአካልም በመንፈስም ተሻላቸው። በሚቀጥለው ዓመት፣ በ1953፣ ጄሪ ሞሪስ የተባለ እንግሊዛዊ ተመራማሪ ደግሞ የለንደን ባለ ሁለት ፎቅ አውቶቡሶችን ሠራተኞች አጥንቶ ውጤቱን አሳተመ። ቀኑን ሙሉ ተቀምጠው ከሚነዱት ሾፌሮች ይልቅ ደረጃውን ሲወጡና ሲወርዱ የሚውሉት ትኬት ቆራጮች በልብ ሕመም የሚጠቁት ባነሰ መጠን ነበር።

ከሁሉ የሚያስገርመው ግን በአሜሪካ ዳላስ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1966 የተደረገው ነው። አምስት ጤነኛ የሃያ ዓመት ወጣቶች ለሦስት ሳምንት አልጋ ላይ ብቻ እንዲቆዩ ተደረገ። ምንም ሕመም የሌለባቸው እነዚህ ወጣቶች ሲነሱ የልባቸውና የጡንቻቸው አቅም እጅግ ወርዶ ተገኘ። ከ30 ዓመት በኋላ፣ ሃምሳ ዓመት ሲሞላቸው፣ እነዚያው ሰዎች እንደገና ተለኩ። የአንዳቸውም አቅም ያኔ ከሦስት ሳምንት መኝታ በኋላ ወደነበረበት ዝቅታ አልወረደም ነበር። አስተውሉ! ሦስት ሳምንት መተኛት ከሠላሳ ዓመት ዕድሜ የበለጠ አድክሟቸው ነበር።

ስለዚህ እህታችን፣ የባለቤትዎን እግር የሚያንቀጠቅጠው የልባቸው ሕመም ብቻ ላይሆን ይችላል፤ የሁለት ወሩ መኝታም ነው። ይህ ደግሞ መልካም ዜና ነው። መኝታ የወሰደውን አቅም እንቅስቃሴ ይመልሰዋልና።

የልብ ሕመም ሁሉ አንድ አይደለም

እዚህ ላይ አንድ ነገር መለየት አለብን። በአገራችን «የልብ ሕመም» የምንለው ብዙ ዓይነት ነው።

አንደኛው እንደ ባለቤትዎ ያለው፣ ለራሱ ለልብ ደም የሚያደርሱት ደም ሥሮች በቅባት ሲጠቡና ሲዘጉ የሚመጣው ነው። ሁለተኛው የልብ ቫልቭ (ክዳን) ሕመም ነው። ይህ ብዙውን ጊዜ በልጅነት ከተያዘ የጉሮሮ ሕመም ተነስቶ ቫልቩን የሚያበላሽ ሲሆን ልጆችንና ወጣቶችን ይጎዳል። ዶክተር በላይ አበጋዝ እ.ኤ.አ. በ1989 የኢትዮጵያ የልብ ሕሙማን ሕፃናት መርጃ ማኅበርን የመሠረቱት፣ በኋላም በ2009 በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ የልብ ሕክምና ማዕከል ሥራ የጀመረው ለእነዚህና ልባቸው ችግር ኖሮበት ለተወለዱ ልጆች ነው። ሦስተኛው የልብ ጡንቻ ራሱ ደክሞ እግር የሚያሳብጥና ትንፋሽ የሚያሳጥረው ነው።

ይህን የምንለው ያለ ምክንያት አይደለም። ቫልቩ በጣም የጠበበበት ሰው ክብደት ቢያነሳ ሊጎዳ ይችላል። እንዲሁም በዕረፍት ላይ እያለ ደረቱን የሚያመው፣ እግሩ እያበጠ ትንፋሽ የሚያጥረው፣ የልብ ምቱ የሚዘባረቅ፣ ወይም የደም ግፊቱ ከ180/110 በላይ የሆነ ሰው መጀመሪያ ሕክምናው መስተካከል አለበት። ስለዚህ ማንም ሰው ይህን ንግግር ሰምቶ ብቻ ክብደት እንዳያነሳ አደራ እንላለን። ወደ ሐኪም ሄዶ ይጠይቅ፤ ከአምበር ለሚነሳ ሰው የደብረ ማርቆስ ሆስፒታል ቅርብ ነው። ጥያቄውም አጭር ነው፦ «ክብደት ማንሳት እችላለሁ? ከመቼ ጀምሮ? እስከ ስንት ኪሎ?» ሐኪም «እንቅስቃሴ አድርግ» ብሎ ካለፈ፣ ይህን ዘርዝሮ መጠየቅ የታማሚው መብት ነው።

ጡንቻ ልብን እንዴት ያግዛል?

«መራመድስ ይሁን፤ የደከመ ልብ ክብደት ምን ያደርግለታል?» የሚል ይኖራል። ነገሩ እንዲህ ነው። ክንዱና ጭኑ የደከመ ሰው አምስት ኪሎ ስኳር ሲያነሳ ሙሉ አቅሙን ያወጣል፤ ልቡም በኃይል ይመታል፣ ግፊቱም ይወጣል። ጡንቻው የጠነከረ ሰው ያንኑ አምስት ኪሎ ሲያነሳ ግን የአቅሙን ጥቂት ብቻ ነው የሚጠቀመው፤ ልቡም ብዙ አይጨነቅም። በሌላ አነጋገር፣ ጡንቻ ሲጠነክር በልብ ላይ የሚጫነው ሸክም ይቀላል። በተጨማሪም ጡንቻ በደም ውስጥ ያለውን ስኳር ስለሚጠቀም የስኳር ሕመም ላለበት ይረዳል።

በዚህ ምክንያት የአሜሪካ የልብ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2000 ባወጣው መግለጫ፣ ደግሞም በ2007 እና በ2023 ባደሳቸው ምክሮቹ፣ ሕመማቸው ለተረጋጋ የልብ ሕሙማን ከእርምጃ ጋር ጡንቻ የሚያጠነክር እንቅስቃሴም እንዲታከል ይመክራል። ከባድ ሳይሆን ቀላል ክብደት፣ ብዙ ጊዜ እየደጋገሙ።

በቤት ውስጥ እንዴት ይጀመራል?

መጀመሪያ እርምጃ ይቀድማል። ሜዳ በሆነ ቦታ፣ ከምግብ በኋላ ወዲያው ሳይሆን አረፍ ብሎ፣ አምስት ወይም አሥር ደቂቃ በቀን ሁለት ጊዜ። በየሳምንቱ ጥቂት ደቂቃ እየጨመሩ 30 ደቂቃ ይደረሳል። ልኩን ማወቂያው ንግግር ነው፤ አብሮት ከሚሄደው ሰው ጋር ሳይቆራረጥ ማውራት ከቻለ ልኩ ነው፤ ቃል ለማውጣት ካለከለከ በዝቷል። የደጋው አየር ቀዝቃዛና ስስ ነው፤ ደብረ ማርቆስና አካባቢዋ ከ2,000 ሜትር በላይ ነው ያሉት። ስለዚህ በማለዳ ብርድና ዳገት ላይ አይጀመር። የልብ ምት የሚያቀዘቅዝ መድኃኒት የሚወስድ ሰውም የደም ሥሩን ምት ቆጥሮ ልኩን ማወቅ ስለማይችል፣ በንግግሩ ይመዝን።

ቀጥሎ ክብደት። አብዛኛውን ጊዜ ስቴንት ብቻ የገባለት ሰው ከሁለትና ሦስት ሳምንት በኋላ፣ ልቡ የተመታ ሰው ደግሞ ቢያንስ ከአምስት ሳምንት በኋላ፣ ያውም እርምጃውን ከለመደ ወዲህ ነው የሚጀምረው። ደረቱ ተከፍቶ ቀዶ ጥገና የተደረገለት ሰው ግን የደረቱ አጥንት እስኪገጥም ከ8 እስከ 12 ሳምንት መጠበቅ አለበት። እስከዚያ ከ4 ወይም ከ5 ኪሎ በላይ አያነሳም፣ አይገፋም፣ አይጎትትም። ከመደብ ሲነሳም በእጁ ተመርኩዞ ሳይሆን በጎኑ ዞሮ ይነሳ፤ ሲያስለው ትራስ ደረቱ ላይ አቅፎ ይሳል።

መሣሪያ መግዛት አያስፈልግም። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ነው። የግማሽ ሊትር፣ የአንድ ሊትርና የሁለት ሊትር የፕላስቲክ ጠርሙሶች ይበቃሉ። የሚከተሉትን በሳምንት ሁለት ቀን፣ በመካከሉ ቢያንስ አንድ ቀን እያረፉ መሥራት ይቻላል፦

1. ከወንበር መነሳትና መቀመጥ። በእጅ ሳይደገፉ ቀስ ብሎ መነሳት፣ ቀስ ብሎ መቀመጥ። የደከመ ሰው መጀመሪያ በእጁ ይደገፍ። የጭን ጡንቻን የሚመልሰው ይህ ነው።
2. ግድግዳ መግፋት። አንድ እርምጃ ርቆ ቆሞ፣ መዳፍን ግድግዳ ላይ አድርጎ ክርንን ማጠፍና መዘርጋት።
3. ጠርሙስ ማንሳት። በሁለት እጅ አንዳንድ ጠርሙስ ይዞ ክርንን እያጠፉ ወደ ትከሻ ማምጣት።
4. ወደ ኋላ መሳብ። በአንድ እጅ ጠረጴዛ ተደግፎ፣ በሌላው ጠርሙሱን ከታች ወደ ጎን መሳብ።
5. ተረከዝ ማንሳት። ወንበር ይዞ በጣት መቆምና መውረድ።
6. ደረጃ መውጣት። አንድ ዝቅተኛ ደረጃ ላይ በየተራ እግር እያፈራረቁ መውጣትና መውረድ።

እያንዳንዱ ከ10 እስከ 15 ጊዜ። መጀመሪያ አንድ ዙር ብቻ፤ ከሳምንታት በኋላ ሁለት ዙር። ልኩ «ትንሽ ከበድ አለኝ» የሚያሰኝ እንጂ ፊት የሚያስቋጥር አይሁን። 15 ጊዜ ሲያነሱት ቀላል ከሆነ ግማሽ ሊትር ይጨመር።

ከሁሉ የሚበልጠው ጥንቃቄ ትንፋሽ ነው። ኩንታል የሚያነሳ ሰው ትንፋሹን አምቆ «እህ!» ብሎ ነው የሚነሳው። ትንፋሽ ሲታመቅ የደረት ውስጥ ግፊት ይጨምራል፣ የደም ግፊትም ባንድ ጊዜ ይዘላል፤ ሲለቀቅ ደግሞ ዝቅ ብሎ ራስ ያዞራል። ለታመመ ልብ አደጋው ይህ ነው። ስለዚህ ሲያነሱ ያስወጡ፣ ሲያወርዱ ያስገቡ። ድምፅ አውጥቶ መቁጠር ይረዳል፤ የሚቆጥር ሰው ትንፋሹን ማመቅ አይችልምና።

ደረት ላይ ሕመም ወይም መጨምደድ፣ ወደ ክንድና መንጋጋ የሚሄድ ሕመም፣ ራስ ማዞር፣ ቀዝቃዛ ላብ፣ ያልተለመደ የትንፋሽ ማጠር ወይም የልብ ምት መዘባረቅ ከመጣ ወዲያው ይቁም፤ ይቀመጥ። ከምላስ ሥር የሚደረግ መድኃኒት ከተሰጠው ይውሰድ። ሕመሙ ከደቂቃዎች በኋላ ካልተወው ሳይዘገይ ወደ ሐኪም ቤት ይወሰድ።

«ሶላቱስ እንቅስቃሴ አይደለም ወይ?» ለሚሉ፦ ሶላት ዒባዳ ነው፤ ስፖርት ብለን አንቆጥረውም። መቆም ያቃተው ተቀምጦ እንዲሰግድ ዲናችን ፈቅዷል። ነገር ግን ጭኑ ሲጠነክር ያለ ድጋፍ ከሱጁድ መነሳት የሚችልበትን ቀን ኢንሻአላህ ያያል። ያ ቀን ለታመመ ሰው ምን ያህል እንደሚያስደስት የደረሰበት ያውቀዋል።

ከማሳው ወደ ማዕድ

አሁን ወደ ሁለተኛው ጥያቄ እንምጣ፦ «ምን ላብላው?»

በጎጃም ቅቤ የአቅም ምልክት ነው። የወለደችም፣ የታመመም፣ ከመንገድ የመጣም በቅቤ ይጠገናል። ነገር ግን በቅቤ ውስጥ ካለው ቅባት ከግማሽ በላይ የሚሆነው በደም ውስጥ ያለውን መጥፎ ኮሌስትሮል ከፍ የሚያደርገው፣ የሚረጋው ዓይነት ነው። የጠበበው ደም ሥር እንዲከፈት ስቴንት ተደርጎለት፣ ቅቤውን በየማለዳው በአጥሚት ማጠጣት ማለት የፈረሰውን አጥር እየጠገኑ በሌላ በኩል እንደማፍረስ ነው። ሙክቱና የዶሮው ቆዳም እንዲሁ።

የዕፅዋት ምግብ ለልብ ሕሙማን ያለውን ጥቅም ያሳዩ ሁለት ጥናቶችን እንጥቀስ። ዲን ኦርኒሽ የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1990 ባሳተመው ጥናት 48 ሕሙማንን በሁለት ከፈለ። አንደኛው ወገን ቅባቱ እጅግ ያነሰ የዕፅዋት ምግብ እየበላ፣ እየተንቀሳቀሰ፣ ሲጋራ ትቶ፣ አእምሮውን እያሳረፈ አንድ ዓመት ቆየ። የአብዛኞቹ ደም ሥር ጥበት በጥቂቱ ቀነሰ፤ የደረት ሕመማቸውም እጅግ ቀለለ። የተሳተፉት ጥቂት ሰዎች ስለነበሩና ብዙ ነገር አብሮ ስለተለወጠ ውጤቱ የምግቡ ብቻ ነው አይባልም። ሁለተኛው በፈረንሳይ ሊዮን ከተማ 605 ሕሙማን ላይ ተደርጎ በ1994 የታተመው ነው። እነዚህ ሥጋን ፈጽመው አልተዉም፤ ቅቤን በዕፅዋት ቅባት ተክተው፣ ዳቦ፣ ጥራጥሬ፣ አትክልትና ፍራፍሬ አበዙ፤ ሥጋ ቀነሱ። ዳግመኛ በልብ ሕመም የተመቱትና የሞቱት ቁጥር ከሌላው ወገን በእጅጉ ያነሰ ሆነ።

ከዚህ የምንማረው ማዕዱ በአብዛኛው ከዕፅዋት ከሆነ እንደሚበቃ ነው። አላህ ሐላል ያደረገውን ሥጋ ሐራም እያደረግን አይደለም፤ ለሕክምና እየቀነስን ነው። እንዲህ ያለ ማዕድ ደግሞ ለአምበር እንግዳ አይደለም። ክርስቲያን ጎረቤቶቻችን በጾማቸው ወራት ያለ ቅቤና ያለ ሥጋ የሚያበስሉትን ሽሮ፣ ምስርና ጎመን ሁላችንም እናውቀዋለን። ባለሙያዋ ጎረቤት አጠገብ አለች።

የሚከተለውን ይሞክሩ፦

ቁርስ፦ የአጃ ወይም የገብስ አጥሚትና ገንፎ። በጎጃም ደጋ «እንግዶ» የሚሉት የአጃ ዘር አለ። አጃና ገብስ ኮሌስትሮልን የሚቀንስ የፋይበር ዓይነት አላቸው፤ በቀን ከ70 እስከ 80 ግራም ያህል አጃ ለዚህ ይበቃል። በቅቤው ቦታ ተቆልቶ የተፈጨ ተልባ ይግባበት። የተልባ ቅባት ለልብ የሚስማማው ዓይነት ነው፤ ሳይፈጭ ከተበላ ግን እንዳለ ያልፋል፤ ተፈጭቶ ብዙ ከቆየም ይበላሻል።

ምሳና እራት፦ እንጀራ ከምስር፣ ከአተር ክክ ወይም ከሽሮ ጋር፣ ጎመንና ካሮት ጨምሮ። አቅም የሚመልሰው ፕሮቲን እዚህ ነው። መቶ ግራም ደረቅ ምስር ወይም ባቄላ ወደ 25 ግራም ፕሮቲን አለው። ጡንቻው እንዲመለስ የሚሠራ 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው በቀን ከ60 እስከ 70 ግራም ያህል ፕሮቲን ይበቃዋል። ጤፉ የጎደለውን ጥራጥሬው ይሞላል፤ ጥራጥሬው የጎደለውን ጤፉ። እንጀራውን ሳይሆን ወጡን ያብዙ።

በመካከል፦ ጨው የሌለው የገብስና የሽንብራ ቆሎ፣ ንፍሮ፣ ሙዝ፣ ብርቱካን። ግብጦም ፕሮቲኑ ብዙ ነው፤ ነገር ግን መራራው በልብ ምት ላይ የሚሠራ ነገር ስላለው፣ ተቀቅሎ ለቀናት ውሃው እየተቀያየረ ካልጣፈጠ አይበላ።

አበሳሰሉ፦ ሽንኩርቱን መጀመሪያ በውሃ ያቁላሉት፤ ዘይቱ መጨረሻ ላይ በማንኪያ ተለክቶ ይግባ። ዘይቱ የኑግ ወይም የሱፍ ቢሆን ይመረጣል። የሚረጋው የፓልም ዘይት ግን ከቅባቱ ግማሽ ያህሉ እንደ ቅቤው ዓይነት ነው፤ «ከዕፅዋት ነው» ተብሎ ብቻ አይታመን።

ጨው፦ የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ አዋቂ በቀን ከ5 ግራም በታች ይላል። ይህ አንድ ዝርግ የሻይ ማንኪያ ነው፤ በበርበሬው፣ በሽሮው፣ በዳቦውና በወጡ ያለው ሁሉ ተደምሮ። ስለዚህ በርበሬና ሽሮ ሲዘጋጁ ጨው አይግባባቸው። ቡናን በጨው የሚጠጣም ይተው።

ልናስተውላቸው የሚገቡ

አንደኛ፣ ጓያ። በአካባቢያችን ርካሽ ስለሆነ ሽሮ ውስጥ ይደባለቃል። ጓያን ለወራት ዋና ምግብ ማድረግ እግር ሽባ ያደርጋል። አቅም ፍለጋ ጥራጥሬ ሲበዛ ይህ እንዳይመጣ፣ ሽንብራውን፣ አተሩንና ባቄላውን በፍሬው ገዝተው፣ ለቅመው ያስፈጩ።

ሁለተኛ፣ ዋርፋሪን። ሰው ሠራሽ ቫልቭ ያለው ሰው ደም እንዳይረጋ የሚወስደው መድኃኒት ነው። ጎመን የመድኃኒቱን ኃይል ይቀንሳል። ጎመን አይብላ ማለታችን አይደለም፤ አንድ ሳምንት ብዙ፣ አንድ ሳምንት ባዶ አይሁን። መጠኑን አንድ ያድርግ፣ ለሐኪሙም ይንገር።

ሦስተኛ፣ ጥቁር አዝሙድ፣ ነጭ ሽንኩርትና አብሽ። በምግብ ውስጥ መልካም ናቸው። ነገር ግን ዘይታቸውን ወይም ዱቄታቸውን በብዛት እየወሰዱ የሐኪም መድኃኒት መተው ሕይወት ያሳጣል፤ ዋርፋሪን ለሚወስድም ደም ሊያፈስ ይችላል። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) እንድንታከም አስተምረውናል፤ ክኒኑም የአላህ ሰበብ ነው። በተለይ ስቴንት የገባለት ሰው ደም የሚያቀጥነውን ክኒን በገዛ ራሱ ካቋረጠ ስቴንቱ ድንገት ሊዘጋ ይችላል።

አራተኛ፣ የእንስሳት ተዋጽኦን ፈጽሞ የተወ ሰው ቫይታሚን ቢ12 ያንሰዋል። ጥቂት ቅባቱ የወጣለት ወተት ወይም እንቁላል፣ ወይም ክኒኑ ያስፈልገዋል። ኩላሊቱ የታመመ ወይም ፖታስየም ከፍ የሚያደርግ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ደግሞ ጥራጥሬ፣ ድንችና ሙዝ ከማብዛቱ በፊት ይጠይቅ።

አምስተኛ፣ ጫትና ሲጋራ። ጫት የልብ ምትና ግፊት ይጨምራል። በየመን ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመ ጥናት ጫት ቃሚዎች በድንገተኛ የልብ ሕመም የመያዝ ዕድላቸው ከፍ ያለ መሆኑን አሳይቷል። «ለመጠየቅ መጥተን ትንሽ እንጨዋወት» ብሎ ጫት ይዞ የሚመጣ ዘመድ ካለ፣ ከልብ ይመስገንና ጫቱ ከደጅ ይቅር።

ረመዷንና ዐረፋ

ረመዷን ሲመጣ ታማሚው በራሱ አይወስን። አላህ ለሕመምተኛ ፈቅዶለታል። ሐኪሙ «ጹም» ካለው የመድኃኒቱ ሰዓት ይስተካከል፤ «አትጹም» ካለው ደግሞ ልቡ አይሰበር። ለኢፍጣር ተምር፣ ውሃና የአጃ ሾርባ ይበቃዋል፤ በዘይት የተጠበሰው ሳምቡሳ ይቅርበት። እንቅስቃሴውን ከኢፍጣር በኋላ አረፍ ብሎ ያድርግ።

በዐረፋ ኡድሒያው ይታረዳል፣ ይከፋፈላል። ታማሚው ከማዕዱ አይገለል። ጮማው የተገፈፈለት ጥቂት ቀይ ሥጋ፣ ያለ ቅቤ፣ ከብዙ ጎመንና ምስር ጋር ይቅረብለት። የዒድ ቀን አንድ ጉርሻ ሰው አይገድልም፤ ዓመቱን ሙሉ የሚጠጣ ቅቤ ነው የሚጎዳው።

ለቤተሰቡ

በመጨረሻ ወደ ደብዳቤው እንመለስ። እህታችን ባለቤታቸው ሌሊት ሲያለቅሱ እንደሰሙ ጽፈውልናል። ኩንታል ያወርድ የነበረ ሰው ጣሳ ተከልክሎ ሲቀመጥ የሚያመው ልቡ ብቻ አይደለም። ከልብ ሕመም በኋላ ፍርሃትና ሐዘን የተለመደ ነው፤ ካልለቀቀም ለሐኪም የሚነገር ሕመም ነው። ስለዚህ ለሰውየው ሥራ ስጡት። የአንድ ሊትሩን ጠርሙስ ራሱ ይሙላ። ስንት ጊዜ እንዳነሳ ልጁ ደብተር ላይ ይጻፍለት። እርምጃውን ወንድሙ ወደ መስጊድ አብሮት ይሂድ።

እማማንም አትግፏቸው። በፍቅራቸው የሚያነጥሩትን ቅቤ ትታችሁ የተልባውን መቁላት፣ የአጃውን ማበጠር አደራ ስጧቸው። ልጃቸውን የሚያድኑት እርሳቸው መሆናቸውን ይወቁ።

ሱቁስ? ሐኪሙ ከፈቀደ ይከፈት። መጀመሪያ ግማሽ ቀን፣ ሚዛኑ አጠገብ ተቀምጠው። ኩንታሉን ወዛደር ያንሳው። የመቶ ኪሎ ሸክም አልፏል፤ ዳግመኛ የሚፈለግም አይደለም። ዛሬ አንድ ሊትር፣ ከወር በኋላ ሁለት፣ ከዚያም ሐኪሙ እንደፈቀደው። የምንፈልገው ልጃቸውን አቅፈው ማንሳት የሚችሉበት፣ የገበያ ዘምቢላቸውን ይዘው ቤታቸው የሚገቡበት ቀን ነው።

አላህ ለባለቤትዎና ለሕሙማን ሁሉ ሺፋውን ይስጥልን፤ ለአስታማሚዎችም ትዕግሥትና አጅር። ኣሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።